ኤሌክትሪክ መኪና፣ ግድብ፣ ከሰል፦ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ መብራታችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ታክሲ ውስጥም ለቅሶ ቤትም ክርክሩ አላቆመም። አንዱ "ጥሩ ተደረገ" ይላል፣ ሌላው "መብራት በሌለበት ሀገር?" ይላል፣ ከዛ ወሬው ወደ ግድቡ ይሄዳል፣ ከዛ ወደ ፈረንጆቹ፣ ከዛ ሳይቋጭ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ጋ ሰብስቤ መልስ ሰጥቼበታለሁ። ገለልተኛ አይደለሁም፣ ሃሳቤን እያየሁት ባለሁት ነገር ላይ ተመስርቼ በግልፅ እናገራለሁ። ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው፣ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብያለሁ።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፈረንጅ ፖለቲካ?

እውነት ነው። ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት አየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 280 ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሁን ከ420 አልፏል፣ ይሄ በግምት ሳይሆን በመሳሪያ የሚለካ ነገር ነው፣ ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲለካ ኖሯል። 2024 እ.ኤ.አ. ደሞ መለካት ከተጀመረ ወዲህ በጣም ሞቃቱ ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል።

ፖለቲካ አለበት ወይ ካላችሁ፣ አዎ በደንብ አለበት። ግን ፖለቲካው ያለው "ማን ይክፈል፣ ማን ያቁም፣ ማን ቀድሞ ይቀይር" የሚለው ላይ ነው እንጂ ሙቀቱ ላይ አይደለም። እኛ ሀገር ክርክሩ የሚበላሸው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፣ አንድ ሰው በሀብታም ሀገራት ስለተናደደ ብቻ ቴርሞሜትሩንም አላምንም ይላል። ንዴቱ ልክ ነው፣ ቴርሞሜትሩም ልክ ነው።

ድርቅ ድሮም ነበር አይደል? ክፉ ቀን በምኒልክ ዘመን፣ 66፣ 77...

ነበር። ማንም አይክድም። ደሞ እነዛ ረሃቦች ዝናብ ብቻ አይደሉም ያመጧቸው፣ ክፉ ቀን ላይ የከብት በሽታው በሬዎቹን ጨርሶ ገበሬው የሚያርስበት ስላጣ ነው፣ 77 ላይ ጦርነቱና የመንግስት አሰራሩ አለበት። ስለዚ ረሃብ በመጣ ቁጥር "አየር ንብረት ነው" ብሎ ባለስልጣን ሲያመልጥ መቀበል የለብንም።

ግን የቦረናንና የሶማሌ ክልልን ነገር እዩ። ከ2013 ጀምሮ ተከታታይ 5 የዝናብ ወቅት ከሸፈ፣ ከብት በሚሊዮን አለቀ፣ በዘር ሃረጉ ሙሉ አርብቶ አደር የነበረ ሰው መጠለያ ውስጥ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የዓለም የአየር ሁኔታ ተንታኝ ሳይንቲስቶች ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. ይሄንን የምስራቅ አፍሪካ ድርቅ መርምሮ ሰው ያመጣው ሙቀት ቢያንስ 100 ጊዜ እጥፍ የመከሰት እድሉን ጨምሮታል አለ። ምክንያቱ ደሞ ለመረዳት አይከብድም፣ ዝናቡ ማነሱ ብቻ ሳይሆን የዘነበውንም ሙቀቱ ከአፈሩ ቶሎ ስለሚያተነው ነው።

ዝናብ የሚሰጠው ፈጣሪ ነው፣ ይሄ ሁሉ ሳይንስ ከእምነት ጋር አይጋጭም?

ለኔ አይጋጭም። ምህላውም ዱዓውም ይቀጥል። እንደውም ጎጃምና ደቡብ ጎንደር ብትሄዱ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ተራቁቶ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ የምታገኙት ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ሀገር በቀሉን ዛፍ፣ ፅዱን፣ ወይራውን ለዘመናት የጠበቁት እነዛ አባቶች ናቸው፣ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም እየመጡ የሚያጠኑትም ያንን ነው።

አፍሪካ ምን አጠፋች? እኛ ለምን እንከፍላለን?

ምንም ያህል አላጠፋንም። መላው አፍሪካ አንድ ላይ ተደምሮ ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ4 በመቶ አካባቢ አይበልጥም፣ ከዛ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ኢምንት ነው። ስለዚ "ካሱን" ማለት ልመና አይደለም፣ ዕዳ መጠየቅ ነው።

ታሪኩ ግን ያናድዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ፣ መለስ ዜናዊ የአፍሪካ ተደራዳሪ ሆነው በሄዱበት ጉባኤ ማለት ነው፣ ሀብታም ሀገራት እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናቀርባለን አሉ። ራሳቸው በቆጠሩት ሂሳብ እንኳን የደረሱት 2022 ላይ ነው፣ ሁለት ዓመት ዘግይተው፣ ያም ገንዘብ አብዛኛው ብድር ነው። አዘርባጃን ባኩ ላይ በተደረገው ጉባኤ ደሞ በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ 2035 ድረስ በዓመት 300 ቢሊዮን እናደርሳለን ተባለ፣ ታዳጊ ሀገራት የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ነበር። ላላጠፋው ጥፋት ተበድሮ ካሳ የሚከፍል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኛ ሁኔታ ያ ነው።

ነዳጅ መኪና ለምን ተከለከለ? እውነት ለአካባቢ ታስቦ ነው?

በዋናነት ለዶላር ታስቦ ነው፣ እኔ ደሞ ይሄ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም ባይ ነኝ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) ጥር 2016 ላይ ነው ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ያሉት፣ እንዲህ አይነት ክልከላ በማውጣት ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ነዳጃችንን በሙሉ ከውጭ ነው የምንገዛው፣ ጅቡቲ ይወርድና በቦቴ ተጭኖ ይመጣል፣ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል፣ ሰርቶ አደሩ ደሞ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ያድራል። ውሃውና ነፋሱ ግን እዚሁ ነው ያለው፣ ከ95 በመቶ በላይ መብራታችን ከውሃና ከነፋስ ነው የሚመጣው። ብዙ ሀገር ኤሌክትሪክ መኪና ሲነዳ ከኋላው ድንጋይ ከሰል እየነደደ ነው፣ እኛ ጋ እንደዛ አይደለም።

ቅሬታውም ግን ቅሬታ ነው። ያገለገለች ቪትዝ ገዝቶ በራይድ ሰርቶ ቤተሰብ ሊያስተዳድር ያሰበ ልጅ ድንገት በሩ ተዘጋበት፣ ገበያው ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ዋጋቸው ሰማይ ነካ፣ ኤሌክትሪኩ ላይ ቫትና ኤክሳይስ ታክስ ቢነሳም ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ሲባል መግዣው ተወደደ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለው ሰውማ ጭራሽ ምን ያድርግ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ሳይኖር። ፖሊሲው ልክ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ አወጣጡ ግን ለሰው የመዘጋጃ ጊዜ አልሰጠም።

መብራት እየሄደ እየመጣ ባለበት ሀገር ኤሌክትሪክ መኪና ግሪዱን አይጨርሰውም?

ይሄ በጣም የሚጠየቅ ስለሆነ ሂሳቡን እንስራው። አንድ መካከለኛ ኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ በቀን 40 ኪሎሜትር ብትነዱ ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። አሁን የኤሌክትሪክ ምጣዱን አስቡት፣ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው የሚስበው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ እንጀራ ከተጋገረበት ያው 6 እና 7 ኪሎዋት ሰዓት በላ። ማለትም መኪናችሁ በቀን የሚበላው እናታችሁ አንዴ ስትጋግር ከምትጠቀመው ጋር ተቀራራቢ ነው።

መንግስት ከ100 ሺህ በላይ ኤሌክትሪክ መኪና ገብቷል ይላል፣ እሺ 100 ሺህ እንበለው፣ ሁሉም በየቀኑ 7 ቢሞሉ 700 ሜጋዋት ሰዓት ነው። የህዳሴው ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 15,700 ጊጋዋት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ለ365 ስናካፍለው በቀን 43 ሺህ ሜጋዋት ሰዓት። መኪኖቹ ሁሉ ተደምረው የአንዱን ግድብ 2 በመቶ አይሞሉም።

ስለዚ ኃይሉ አለ። ችግሩ ሰዓቱና ሰፈሩ ነው። ሰው ሁሉ ከስራ ገብቶ አመሻሹ ላይ፣ ወጥ በሚሰራበት፣ ቲቪ በሚከፈትበት ሰዓት ቻርጅ ላይ ከሰካ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢሆን ግን ያ ኃይል ባብዛኛው ስራ ፈት ነው። ሌሎች ሀገሮች የሌሊቱን ታሪፍ ረከስ አድርገው ሰው ራሱ ወዶ ሌሊት እንዲሞላ ያደርጋሉ፣ እኛም ጋ መኖሪያ ቤት ላይ ይሄ ቢደረግ ብዙ ትራንስፎርመር ይተርፋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ደሞ የት ይሰካ? ከአራተኛ ፎቅ ገመድ በመስኮት አውርዶ? ይሄንን የሚመልስ ህግ ያስፈልጋል፣ አዲስ የሚሰሩ ህንፃዎች ፓርኪንግ ላይ መስመር ሳይዘረጉ ፈቃድ ማግኘት የለባቸውም።

ግድቡ ካለቀ ታዲያ እኔ ጋ መብራት ለምን ይጠፋል?

ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 መሰረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት። ከደሃ እስከ ሀብታም ቦንድ የገዛበት ነው፣ ስለዚ "የኔ ገንዘብ ያለበት ግድብ ለኔ ለምን አይበራም" የሚል ሰው ትክክል ጥያቄ ነው የጠየቀው።

መልሱ መስመር ነው። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ግድቡ ካለበት ከጉባ ተነስቶ በከፍተኛ መስመር መጥቶ፣ ሰብስቴሽን ገብቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ በሰፈር ትራንስፎርመር አልፎ ቆጣሪያችሁ ጋ መድረስ ሌላ ነገር። የከተማው ማከፋፈያ መስመር ያረጀ ነው፣ የእንጨት ፖሉ በስብሷል፣ ጭነቱ ከታሰበለት በላይ ሆኗል። ሰሜኑ ላይ በጦርነቱ የፈራረሰው ብዙ ነው። ከዛ ላይ ደሞ የታወር ብረት እየፈቱ የሚሰርቁ አሉ፣ አንድ ታወር ሲወድቅ ከተማ ሙሉ ጨለማ ይሆናል።

ገጠር ላይማ የሀገሪቱ ህዝብ ግማሹ ገደማ ዛሬም መብራት የለውም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ ከ1 ሺህ ኪሎሜትር በላይ መስመር ተዘርግቶ ከ2015 ጀምሮ ለኬንያ እየሸጥን ነው፣ ሰው "ለጎረቤት ተሸጦ ለኛ የለም" ብሎ የሚቆጣው ለዚ ነው። እኔ ሽያጩን አልቃወምም፣ ዶላር ያመጣል፣ ግን ያ ዶላር ተመልሶ ትራንስፎርመርና ገመድ ሲሆን በዓይናችን ማየት አለብን። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለ4 ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል፣ የሚጨምር ሂሳብ ከፍሎ በጨለማ መቀመጥ ማንንም ያናድዳል።

ድርቅ ቢመጣና ግድቡ ቢጎድልስ? ሁሉንም እንቁላል ውሃ ላይ አልጣልንም ወይ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከነዳጅ ደጋፊዎች ክርክር ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። ግንቦት 2011 ላይ የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ጎድሎ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር፣ ለጎረቤት መሸጥም ተቋርጦ ነበር። ዛምቢያ በ2024 እ.ኤ.አ. መብራቷ የሚመነጭበት የካሪባ ሀይቅ ውሃ ሲጎድልባት ህዝቧ በቀን አብዛኛውን ሰዓት ያለመብራት ዋለ። የህዳሴው ሀይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ አንድ መጥፎ ክረምት አይጥለውም፣ ተከታታይ ከሆነ ግን ማንም ዋስትና አይሰጥም።

መፍትሄው ነፋስና ፀሐይ መጨመር ነው እንጂ ናፍጣ መመለስ አይደለም። የኛ ነፋስ የሚገርም ባህሪ አለው፣ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ወራት ነው በደንብ የሚነፍሰው፣ ወንዙ ሲቀንስ ነፋሱ ይጨምራል። አሸጎዳ 120 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለቱ ተደምረው 204፣ አይሻና አሰላም አሉ። ሶላር ላይ ግን እጅግ ወደኋላ ቀርተናል፣ 13 ወር ፀሐይ የሚባልለት ሀገር ይዘን ትልልቆቹ የሶላር ፕሮጀክቶች በውል አለመግባባትና በምንዛሪ ምክንያት ወረቀት ላይ ቀሩ። ይሄ ያሳዝነኛል።

ኦጋዴን ላይ ጋዝ እያወጡ አረንጓዴ ነን ማለት አይቃረንም?

ይቃረናል፣ ማስተባበል አያስፈልግም። መስከረም 22 ቀን 2018 የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ፣ ጎዴ ላይ ደሞ ከዳንጎቴ ጋር የማዳበሪያ ፋብሪካ መሰረት ተጥሏል። ማዳበሪያ በሙሉ ከውጭ ለሚገዛ ሀገር፣ ጋዙ ዩሪያ ቢሆን ገበሬው ይተርፋል፣ ይሄንን እደግፋለሁ። ጋዙን መኪና ላይ ለማቃጠል ግን አልደግፍም፣ መብራት እያለን ምን ይሰራል። የሶማሌ ክልል ሰው፣ በተለይ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው አርብቶ አደር፣ ከገቢው ምን ያህል እንደሚደርሰው በግልፅ መታወቅ አለበት፣ የአፍሪካ ዘይትና ጋዝ ታሪክ ያስተማረን ይሄንን ነው።

አሜሪካ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ስትወጣ እኛ ለምን እንጨነቃለን?

ትራምፕ ጥር 2017 ላይ ዳግም ስልጣን በያዘበት ቀን ነው እንወጣለን ብሎ የፈረመው። ግን እኛ ወደ ኤሌክትሪክ የምንሄደው ዋሽንግተንን ለማስደሰት አይደለም። የሶላር ዋጋ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ውስጥ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል፣ ባትሪም እንደዛው ወርዷል፣ ያወረደችው ደሞ በዋናነት ቻይና ናት። አዲስ አበባ መንገድ ላይ የምታዩዋቸው ቢዋይዲና ቻይና የተገጣጠሙ አይዲ ፎሮች የመጡት በስብከት ሳይሆን በዋጋ ነው።

ባትሪው ሲሞትስ?

ባትሪው በአንድ ቀን አይሞትም፣ አቅሙ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው፣ ብዙ አምራቾች የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። እኛ ጋ ግን ብዙው መኪና የገባው በአስመጪ ነጋዴ እንጂ በአምራቹ ወኪል ስላልሆነ ያ ዋስትና አብሮ ላይመጣ ይችላል፣ ስትገዙ በፅሁፍ ጠይቁ። መካኒክም ገና ጥቂት ነው። ያገለገለ ባትሪ የሚሰበሰብበት ስርዓት ካሁኑ ካልተዘረጋ ከ10 ዓመት በኋላ ቆሻሻው ከባድ ነው የሚሆነው።

ችግኝ መትከል አይበቃም?

አይበቃም፣ ግን ጥሩ ነው። አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ጀምሮ እየተካሄደ ነው። እኔ የምጠይቀው ስንት ተተከለ ሳይሆን ስንት ፀደቀ የሚለውን ነው፣ ምን አይነት ዛፍ የሚለውንም። ደሞ በአንድ በኩል ክረምት እየተተከለ በሌላ በኩል ዓመቱን ሙሉ ለከሰል ከተቆረጠ ውጤቱ ምን ይሆናል?

እሺ አንተ ራስህ ዋናው ጉዳይ የቱ ነው ትላለህ?

ምድጃው። በሙሉ ልቤ ነው የምለው። መኪና ላይ የምንጨቃጨቀውን ያህል ስለ ማብሰያ ብንጨቃጨቅ ሀገር በተለወጠ ነበር። 120 ሚሊዮን ምናምን ህዝብ ባለበት ሀገር መኪና 1 ሚሊዮን ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ምድጃ ግን በየቤቱ አለ። ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በጭራሮ ነው። የሀገሪቱ የኃይል ፍጆታ አብዛኛው ግድብም ነዳጅም ሳይሆን እሱ ነው።

ጉዳቱን ቁጠሩት። ጭሱ የሚገባው ምድጃው አጠገብ በተቀመጠችው እናትና ጀርባዋ ላይ ባዘለችው ህፃን ሳንባ ውስጥ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ ባለ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ነው የገመተው። ኩበቱ ሲነድ መሬቱ ማዳበሪያ አጣ፣ ከዛ ማዳበሪያ በዶላር እንገዛለን። ልጅቷ እንጨት ለመልቀም ስትሄድ ትምህርት ቤት ቀረች። ነገሩ ደሞ አዲስ አይደለም፣ አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር በማገዶ እጥረት ልትፈርስ ደርሳ ነበር፣ ያዳናት በምኒልክ ዘመን የመጣው ባህር ዛፍ ነው፣ ዛሬም እንጦጦ ላይ ከባድ እንጨት ጀርባቸው ላይ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ።

ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ሲቀነስ ሁሉም ሰማ። ለኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ለኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ለኢንዳክሽን ምን ተደረገ? ምጣዳችን እዚሁ ሀገር በየጋራዡ የሚሰራ ነው፣ ግን አብዛኛው ሙቀት ያባክናል፣ በደንብ ታሽጎ ቢሰራ በጣም ያነሰ መብራት ይበላል። ለሱ ደረጃ አውጥቶ፣ ለሰሪዎቹ ብድር ሰጥቶ፣ ለገዢው በወርሃዊ ሂሳብ ላይ ቀስ እያለ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል። መብራት ገና ያልደረሰበት ገጠር ደሞ ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ አለ፣ ከብት ላለው ባዮጋዝ አለ። አንዱም አዲስ ግኝት አያስፈልገውም።

ሴቶች ኩሽና ውስጥ የሚሸከሙት ነገር ስለሆነ ነው ክርክሩ ውስጥ የማይገባው ብዬ አስባለሁ። መኪናው የወንዶች ወሬ ነው፣ ምድጃው ግን ወሬም አልሆነ።

የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤው ኮፕ 32 አዲስ አበባ ሲመጣ ምን እንጠብቅ?

በ2027 እ.ኤ.አ. ነው፣ አስተናጋጅነቱ ቤሌም ብራዚል ላይ በኅዳር 2018 ፀደቀ። ሆቴል ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ብዙ ንግግር ይደረጋል። እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካሳው በብድር መልክ መምጣቱ ይቁም ብሎ አፍሪካ በአንድ ድምፅ እንዲናገር፣ ኮፐንሃገን ላይ ቃል ከተገባ 15 ዓመት አልፎታል። ሁለተኛ፣ የኛ መንግስት ለእንግዶቹ ግድቡንና ኤሌክትሪክ አውቶብሶቹን ሲያሳይ ምን ያህል ቤት ከከሰል ወደ መብራት እንደዞረ የሚያሳይ ቁጥርም አብሮ እንዲያቀርብ፣ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነም ትንሽ ነው ብሎ፣ በስንት ዓመት ውስጥ ስንት እንደሚያደርሰው እዛው መድረክ ላይ ቃል እንዲገባ።